ስለ ሠላሳ ስምንት ጥንድ ሸበጥ እና ስለ አንድ የኒም ዛፍ

ቁጥር፦ የለውም፤ ጸሐፊውም ቁጥር የለውም
ቀን፦ ሰኔ 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ የከተማችን ማዘጋጃ ቤት ኃላፊ
ካሉበት ቀዝቃዛ ክፍል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ይህ ጎብራ የሚሉት የሰኔ አቧራ ዓይንዎን እንዳይነካው፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ አንድ ቀን እንኳ እንዳይታመም፣ ከድንበሩ ማዶ የሚወረወረውም ነገር ከእርስዎም ከእኛም ርቆ ማንም በሌለበት ሜዳ ላይ እንዲወድቅ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ከአሮጌው የአትክልት ገበያ ጀርባ፣ ከዛፋችን ሥር፣ ደህና ነን።

ስሜ መንገሻ ይባላል። በአገሬ በወሎ፣ በቃሉ ወረዳ፣ አሥራ አንድ ዓመት የቀበሌ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከዚያ ባሕሩንም የመንንም አቋርጬ ወደ ከተማዎ ገባሁና አሁን ሲሚንቶ እሸከማለሁ፣ ማሽላ አጭዳለሁ፣ የተገኘውን እሠራለሁ። አሠሪዎቼ መንገሻ ማለት ስለከበዳቸው መንሱር ይሉኛል። ደብዳቤዬን በቢሮዎ መስኮት ለማስገባት ሞክሬ ነበር፤ መስኮቱ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ቁጥር የሌለውን ሰው ወረቀት አይቀበልም። ስለዚህ በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ በወገኖቼም ስልክ ልኬዋለሁ። ደብዳቤዬ ግልጽ የሆነችው በርዎ ዝግ ስለሆነ መሆኑን በትሕትና አሳውቃለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከመጀመሪያው ልነሳ። ባለፈው ዓመት አደባባዩ ላይ ከቤት የሚበልጥ ሰሌዳ አቆሙልን። ሰሌዳው ላይ የወደፊቷ ከተማችን ተስላለች፤ ሐይቅ አላት፣ ሣር አላት፣ ሰዎቿም በብስክሌት ሲሄዱ አያልባቸውም። ከመካከላችን በልጅነቱ ቂርአት ቀርቶ ዐረብኛ ማንበብ የሚችለው አብዱልቃድር ከሰሌዳው ሥር ቆሞ የዘላቂ ከተማ ዕቅድዎን ግቦች እንደ መስጊድ ኹጥባ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን። ሲጨርስ ሁላችንም አሚን አልን። ከግቦቹ ሦስቱን ዛሬም በቃላችን እናውቃቸዋለን፦ ማንኛውም ነዋሪ በአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ጥላ ያገኛል፤ ዕቅዱ ነዋሪውን በመጠየቅ ይሠራል፤ አንዲት ጠብታ ውኃ አትባክንም። ከዚህ በታች ያለውን አቤቱታም ይበሉት ምስጋና፣ በእነዚሁ ግቦች ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ጥላን በሚመለከት፣ ከዕቅድዎ ዘጠኝ ዓመት ቀድመን ግቡን በመምታታችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ያኔ የባቲው ኑርሁሴን ከገበያው ጀርባ አንዲት የኒም ፍሬ ቀበረ፤ እኛ አገር ኪኒን የሚሉት ዛፍ ነው። ይህ አካባቢ ያለ ውኃ ምንም እንደማይበቅልበት ያውቃሉ። ነገር ግን የወሎ ሰው ሥራ ቢያጣም ሶላት አያጣም፤ ሁሉም ውዱእ ሲያደርግ እግሩን ከግንዱ ሥር እየታጠበ፣ ዛፉ በቀን አምስት ጊዜ ሲጠጣ ኖረ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ የማዋጣው የጠዋት ፊቴን የታጠብኩበትን ብቻ ነው፤ ዛፉ ግን ልዩነቱን አላወቀውም። ዛሬ አርባ ሰው ያስጠልላል። ጥይቱና መድፉ በድንበሩ ዳር ያሉትን የአል-ሙወሰምን እርሻዎች ሲያስዘጋ ከዚያ የተባረሩት እረኞችና አጫጆች ሁሉ የመጡት ወደዚሁ ነው። አሠሪ በማለዳ ፒክአፑን አቁሞ ሰው የሚመርጠው ከዚሁ ሥር ነው፤ ሰዓዴም ሳንቡሳዋን የምትሸጠው እዚሁ ነው። ዛፉ ከሌለ በዋናው መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ እንቆማለን፤ እዚያ ደግሞ ከአሠሪ በፊት የሚያገኘን የፓስፖርት ፖሊሱ ጀዋዛት ነው። ዛፉ ከዋናው መንገድ ለምን ራቅ ብሎ እንደበቀለ እኔ አላውቅም፤ እሱን ኒሙን መጠየቅ ይቻላል።

2ኛ. ነዋሪውን መጠየቅን በሚመለከት፣ ጥፋቱ የኛ መሆኑን አልክድም። በየካቲት አንድ ነጭ መኪና መጣ። ከመኪናው አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለና ሰሌዳ የሚያህል ስልክ የያዘ ወጣት ወረደ፤ ፈገግ አለና የመጀመሪያውን ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ቁጥሩን ጠየቀው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ክቡር ሆይ፣ አርባ ሰው በአንድ ትንፋሽ ማሽላው ውስጥ ገባ። እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ ሁለት አጥር ዘልያለሁ፤ በቀበሌው ዘመኔ የዘለልኩት ስብሰባ ብቻ ነበር። ወጣቱ እጁን እያውለበለበ፣ «ታዓሉ! ሱኣል በስ!» እያለ ሲጣራ ይሰማናል። ኑ፣ ጥያቄ ብቻ ነው ማለቱ ነበር። በሕይወታችን ሊጠይቀን የመጣ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ ከእሱ ሮጥን። ካርቶን ላይ ስንቀመጥ ጫማ የማውለቅ ልማድ ስላለን ከዛፉ ሥር ሠላሳ ስምንት ጥንድ ሸበጥና አንድ የግራ እግር ቀረ፤ አብዱልቃድር ቀኙን ይዞ መሮጥ ችሎ ነበር። ወጣቱ ፎቶ አንሥቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን የቆሻሻ መኪና መጥቶ ሸበጦቹን ጫነ። በኋላ እንደተነገረን በሪፖርትዎ ላይ ቦታው «ነዋሪ የሌለው ባዶ መሬት» ተብሎ ተመዝግቧል፤ ጫማዎቻችንም «የተጣለ ደረቅ ቆሻሻ» በሚለው ሥር ገብተዋል። አሥራ አንድ ዓመት መዝገብ የያዝኩ ሰው ነኝና የአያያዙን ጥራት አደንቃለሁ። ሠላሳ ስምንት ጥንድ ጫማ ቆጥሮ አንድም ሰው ያልቆጠረ መዝገብ ግን በቃሉ ወረዳ አይቼ አላውቅም።

3ኛ. ውኃንና ችግኞችን በሚመለከት ምስጋናዬ አጭር ነው። በመጋቢት በአዲሱ መንገድ ዳር መቶ ሃያ ችግኝ ተተከለ፤ ጉድጓዱን የቆፈርነው እኛው ነን። የውኃ ቦቴው አንድ ቀን ከፎቶ አንሺው ጋር መጣ፣ ከፎቶ አንሺው ጋርም ተመለሰ። መቶ አሥራ አንዱ ደርቀዋል። ለዛፋችን የሚቀርቡት ዘጠኙ ግን አሉ፤ ኒሙ አድጓልና እንግዳ ይቅደም ብለው ሰዎቻችን የውዱእ ውኃቸውን ወደ እነሱ ስላዞሩት ነው።

4ኛ. የመጨረሻው ከግቦቹ ውጭ የሆነው ያለፈው ሐሙስ ጉዳይ ነው። ሙራቂብ የምንለው ሱዳናዊው የሥራ ተቆጣጣሪዎ ገና ሲነጋ ከዛፉ ሥር መጥቶ፣ «ያላ ሸባብ! አራት ሰው፣ የግማሽ ቀን ሥራ!» ብሎ ተጣራ። ደግ ሰው ነው፤ ስድብ አያውቅም። አሥር ሰው ብድግ አለ። ሥራው ምንድን ነው ሲባል ዛፍ መቁረጥ ነው አለ። የትኛው ዛፍ ነው ሲባል ሙራቂቡ ወረቀቱን አየ፣ አካባቢውን አየ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ቀና አለ።

ያን ጊዜ ከተማዎ በአንድ ጠዋት ብዙ በሽተኛ አገኘች። አንዱ ወገቡን ያዘ፣ አንዱ ከትናንት ጀምሮ እንደሚያተኩሰው አስታወሰ፣ አብዱልቃድር ጫማ የለኝም አለ። የሞተ ግመል ቀብሮ የሚያውቀው፣ ምንም ሥራ ንቆ የማያውቀው ተፈራ እንኳ ተመልሶ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለ። ሰዓዴ የሳንቡሳውን ዕቃ ከደነች። ሙራቂቡም ሲደክመው ከዛፉ ሥር ተቀመጠ፤ ሰዓዴም አሳዘናትና መልሳ ከፈተችለት። እየበላ ሪፖርትዎን ከስልኩ ላይ ያነበበልን ያኔ ነው። ባዶ ነው በተባለው መሬት ላይ አጠገቡ ለሚሠራው መናፈሻ እንግዶች የመኪና ማቆሚያ ይሠራል፤ መኪኖቹ ፀሐይ እንዳይመታቸውም በላዩ የቆርቆሮ ጥላ ይደረግለታል። ጥላ ተቆርጦ ጥላ መሠራቱን አብዱልቃድር ሁለት ጊዜ አስደግሞ ሰማ። ሙራቂቡ አፉን ጠርጎ፣ «ወላሂ እኔ ምን ላድርግ፣ ከአሥር ቀን በኋላ እሑድ ማሽን ይመጣል፣ ኸላስ» ብሎን ሄደ።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን እየሳቅኩ ጻፍኩ፤ ሳቄም የውሸት አልነበረም። አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ፍሬውን የቀበረው ኑርሁሴን ከሁለት ዓመት በፊት ተይዞ ወደ አገሩ ተመልሷል። በየጁምዓው ከባቲ ይደውልና ከኛ ጤና በፊት የዛፉን ጤና ይጠይቃል፤ አበበ ወይ፣ ወፍ ሠራበት ወይ ይላል። ባለፈው ጁምዓም ደወለ። ደህና ነው አልነው፤ የእሑዱን ነገር የሚነግረው ጠፋ።

በዚህ ምክንያት ትናንት ተሰብስበን መከርን። ገሚሱ ወደ ደርብ ከተማ እንሂድ፣ እዚያ የነዳጅ ማደያና የእርሻ ሥራ አይጠፋም አለ። ገሚሱ ማሽኑ ሲመጣ እንደ ልማዳችን ማሽላው ውስጥ እንግባ አለ። በመጨረሻ ተፈራ ተነሣና፣ «እኔስ ኸላስ፣ መሮጥ ሰለቸኝ። እሑድ እዚሁ ቁጭ እላለሁ፣ ይቁጠሩኝ» አለ። ከዚያ ሰዓዴ፣ «እኔም አለሁ፣ ሴትም ይቆጠራል» አለች፤ ሌላውም ተከተለ።

ስለዚህ ልመናዬ ቀላል ነው። እሑድ ሰኔ 16 ቀን ከማሽኑ አስቀድመው ያንን ፈገግተኛ ወጣት ይላኩልን። በሪፖርቱ ላይ ባዶ የተባለውን መሬት እንደገና ይመዝግበው፤ እኛም ከዛፉ ሥር እንቀመጣለን። ከቆጠረን በኋላ ጀዋዛትን መጥራት የእርስዎ ሥልጣን ነው፤ ይህንንም አውቀን ነው የምንቀመጠው። ዛፉ ግን የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፣ የተወለደው እዚሁ ነው። አንሮጥም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለዕቅድዎ ሥርን፣ ለመኪናዎም ጥላን እየተመኘሁ፣ ሲሚንቶ በነካው እጄ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ በመዝገብዎ የሌለሁ አገልጋይዎ፣

መንገሻ
(በከተማዎ አጠራር መንሱር)

ማስታወሻ፦ በዚያው ሪፖርት ላይ የዘጠኙ ችግኞች በሕይወት መኖር «የዘመናዊው መስኖ ስኬት» ተብሎ መመዝገቡን ሙራቂቡ አንብቦልን ተደስተናል። እሑድ ሁላችንንም የሚወስዱን ከሆነ ሥራው እንዳይስተጓጎል የመስኖውን የሥራ ሰዓት አስረክባለሁ፦ ጎህ ሲቀድ፣ እኩለ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እና ከመኝታ በፊት። ችግኞቹ ከሁለት ቀን በላይ አይታገሡምና፣ ሰኞ ጠዋት እጅጌዎን ሰብስበው ቢጀምሩላቸው።