ለምንጩ የተናዘዝኩት ኪራይ

እኔ ወለተማርያም ነጋሲ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የካዛንቺስ ነዋሪ፣ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን 2005 ዓ.ም. በገዛ ቤቴ ተቀምጬ፣ እግሬ ቢያብጥና ትንፋሼ ቢያጥርም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ስማቸው ከታች በተጻፈ አራት ምስክሮች ፊት እናዘዛለሁ።

አንደኛ፤ በስሜ ካርታ የወጣለት ይህ ቤት የልጄ የተስፋለም ይሁን። ሐኪም ቤት ሲያመላልሰኝ አንድም ቀን ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፤ በመንገዱ በኩል ያሉት የሱቅ ክፍሎች ኪራይ፣ እኅቴ እጸገነት በሕይወት እስካለች ድረስ ለእርሷ ይከፈል። ተስፋለም በዚህ ቅር እንደሚለው ስለማውቅ ምክንያቱን እናገራለሁ።

እጸገነት ታላቄ ናት። እኔ በድርቁ ዘመን አዲስ አበባ ስገባ እርሷ ከእናታችን ጋር ትግራይ ቀረች። ኋላ መንግሥት ለተቸገረ ገበሬ ስንዴና ገንዘብ የሚሰጥበት፣ ገበሬውም በምላሹ እርከን የሚሠራበት ሴፍቲኔት ሲመጣ እርሷም ተመዘገበች። ተስፋለም ይህን ሲሰማ፣ «በቃ፣ አክስቴ የመንግሥት ጡረተኛ ሆነች ማለት ነው?» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ከዚያ የቀበሌው ኮሚቴ፣ «አዲስ አበባ ቤት ያላት እኅት አለችሽ» ብሎ ከእርዳታው አስወጣት። ይዣት ልመጣ ተናድጄ ሄድኩ። ቤቷ ተዘግቷል። ጎረቤቷ ወደ ተራራው አመለከተችኝ። እኅቴ ከሚከፈላቸው ሰዎች መካከል፣ ሳይከፈላት፣ ድንጋይ ተሸክማ ትወጣለች።

«አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሻል? ስንዴውን ከልክለውሽ የለም እንዴ?» አልኳት።

«ስንዴውን ነው እንጂ ተራራውን ማን ከለከለኝ?» አለችና እጄን ይዛ ወደ ታች ወሰደችኝ።

ያየሁትን እንዴት ብዬ ልናገር! በልጅነታችን ራቁቱን የነበረው፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር እየተናደ እርሻችንን ድንጋይ የሚያለብሰው ያ ተራራ፣ ከእግሩ እስከ አናቱ በእርከን ታጥሮ ሣርና ቁጥቋጦ በቅሎበታል። ከሥሩ ውሃ ይፈልቃል። ያውም በበጋ! እናታችን አንድ እንስራ ለመሙላት ከንጋት ጀምራ የምትጓዝበት አገር ነው። ተንበርክኬ ጠጣሁ። እግዚአብሔር በድሃ እጅ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሠራ በስብከት ሰምቻለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። በእኔ ቤት ሰበብ የተከለከለችውን ቤቴ ይክፈላት ያልኩት ለዚህ ነው።

ቃሌ እስከዚህ እንደተጻፈ፣ ከትግራይ ልትጠይቀኝ መጥታ አጠገቤ የነበረችው እጸገነት ብድግ ብላ «አልቀበልም» አለች። ቃሌን የሚጽፈው ሰው ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሣ።

«ለምን?» አልኳት።

«ኪራይ ለእኔ ምን ይሠራልኛል፣ ወለተ? ምንጩ እያለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይጠማቸዋል። ቧንቧ ግዙልን። የሚቀበርበትን ቦይ እኛ እንቆፍራለን።»

ተስፋለም በሩን ተደግፎ ቆሟል። «አክስቴ፣ ከምንጩ እስከ ትምህርት ቤቱ አቀበት ነው ቁልቁለት?» ሲል ጠየቃት።

«ቁልቁለት ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ሞተር አያስፈልገውም። ቧንቧውን እኔው ራሴ አስጭኜ አመጣልዎታለሁ።»

ስለዚህ ሁለተኛው ቃሌ ተሰርዞ በዚህ ይተካ፦ የሱቆቹ ኪራይ ውሃው ትምህርት ቤቱ እስኪደርስ ለቧንቧው፣ ከደረሰም በኋላ ለጥገናው ይዋል። አስፈጻሚው ልጄ ተስፋለም ነው።

ሦስተኛ፤ እኅቴን ያስወጧትን የኮሚቴ ሰዎች ልጄ እንዳይከሳቸው፣ ክፉ ቃልም እንዳይናገራቸው አደራ እላለሁ። የእነርሱም ልጆች ከዚያ ውሃ ይጠጣሉ።

ደክሞኛል፤ ግን ደስ ብሎኛል። ይህ ኑዛዜ ከነስርዙ በምስክሮች ፊት ተነቦልኝ፣ የገዛ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜበታለሁ።

ተናዛዥ፦ ወለተማርያም ነጋሲ (ፊርማ)

ስትናዘዝ ሰምተን፣ ስትፈርም አይተን የፈረምን ምስክሮች፦
አቶ አስመላሽ ተክሉ (ፊርማ)
ወይዘሮ ፈትያ ሸምሱ (ፊርማ)
አቶ ወልደአማኑኤል ቡዜ (ፊርማ)
ወይዘሮ ሸዋአየሁ ደስታ (ፊርማ)