ሚርቶ ጽዋውን ያልተቀበለችበት ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ ፊሊና፦

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የዓይንሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽስ ከባሕር በደኅና ገባ? ልጆቹስ አድገው ይሆን? እኔ ወንድምሽ በአካሌ ደኅና ነኝ። አባታችንም በሕይወት አለ፤ ከዚያ ያለፈ ደኅና ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም። እትዬ፣ ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ልጆቹም አጠገብሽ አይሁኑ። ታናሻችን ሚርቶ የለችም። ቀበርናት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጸደይ ነው። አባታችን በካህንነት የሚያገለግልበትን የአማልክት ቤተ መቅደስ የጠበል ገንዳ እንዲጠግን ቴዎጢሞስ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ቀጠረ። ክርስቲያን መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እጁ ግን ጎበዝ ነው። አንድ ቀን ሚርቶ ውሃ ስትቀዳ፣ «የአምላካችንን ውሃ እየጠጣህ አምላካችንን ትንቃለህ?» ብላ ነካ አደረገችው። እሱም ቀና ሳይል፣ «ውሃው የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያንቺ ማሰሮው ብቻ ነው፣ እመቤቴ» አላት። ሳቀች። ሳቋን ሰምቼ ደስ አላለኝም።

ገንዳው ተጠግኖ አለቀ፤ እሷ ግን ወደ ቴዎጢሞስ መመላለሷን አልተወችም። የካህን ልጅ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በመሠዊያው ፊት ወይን ስታፈስ ያደገች፣ ልቧን ለድንጋይ ጠራቢ ሰጠች! አባታችን ሲሰማ ቤት ዘጋባት። እሷም፣ «አባዬ፣ በሩን ዝጋው፤ እኔ አንዴ ሄጃለሁ» አለችው።

አሁን ላንቺ ብቻ የምነግርሽ ነገር አለ። ክርስቲያኖችን የሚያሳድደው አዋጅ በአደባባይ በተነበበ በሦስተኛው ቀን የቴዎጢሞስን ስም ለዳኛው ጸሐፊ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከከተማ ያባርሩታል፣ እሷም ትረሳዋለች ብዬ ነበር። ሰው ይገድላሉ ብዬ አላሰብኩም። ቢሆንም ሰጠሁ።

በፍርዱ ቀን ሚርቶ በመስኮት ወጥታ ደረሰች። ቴዎጢሞስ ፊቱ አብጦ በሰንሰለት ቆሟል። እሷ ሕዝቡን ገፍታ አጠገቡ ቆመች። ዳኛው፣ «አንቺ ደግሞ ክርስቲያን ነሽ?» አላት። «አልተጠመቅሁም፤ የሱ ሰው ነኝ፤ አምላኩም አምላኬ ነው» አለች። ዳኛው አባታችንን ስለሚያከብር ሊያድናት ፈለገ፤ በችሎቱ ፊት በቆመው መሠዊያ ላይ ለአማልክት አንዲት ጠብታ ወይን አፍስሳ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ፈቀደ። ጽዋውን ያቀረበላት አባታችን ራሱ ነው። ወይኑ ልብሱ ላይ ይፈስ ነበር። «የኔ ልጅ፣ አንዲት ጠብታ፤ ለኔ ስትይ» አላት። ቴዎጢሞስ ሳይቀር፣ «ሚርቶ፣ እባክሽ ኑሪ» ብሎ ለመናት።

እሷ ጽዋውን ትታ የአባታችንን እጅ ሳመች። «አባዬ፣ ስንት ዓመት አፈሰስኩ፤ ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ» አለችው።

ሁለቱም በዚያው ቀን በሰይፍ ሞቱ። እሱን አስቀደሙት። እሷ ዓይኗን አልጨፈነችም። ሬሳዋን ያነሱልን የሱ ወገኖች ናቸው፤ የኛ ዘመዶች በራቸውን ዘግተው ነበር። ቴዎጢሞስን የወለደች አሮጊት ከራሷ ላይ መሸፈኛዋን አውልቃ ሚርቶን ገነዘቻት። እኔንም፣ «አይዞህ ልጄ» አለችኝ። ያን ቃል የምሸከምበት ጀርባ የለኝም።

አባታችን ወደ ቤተ መቅደሱ መሄድ ትቷል። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ሳልፍ ሁሉ፣ «ሊሳንዮስ፣ ያንን ልጅ የጠቆመው ማን ይሆን?» ይለኛል። አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ልንገረው ወይስ እንደያዝኩት ልሙት? እትዬ፣ አንቺ ፍረጂ። ብትረግሚኝም ጽፈሽ ርገሚኝ፤ ዝም አትበይኝ።

ባለቤትሽን በብዙ ናፍቆት ሰላም በይልኝ። አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ በያት። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን ሳሚልኝ። ትንሿን ግን፣ በእህታችን ስም የምትጠራውን፣ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚያት፤ የኔ ሰላምታ መሆኑን አትንገሪያት።

ወንድምሽ ሊሳንዮስ
ጴርጋሞን፣ ንጉሡ በነገሠ በሃያኛው ዓመት፣ በወይን ለቀማ ወር፣ ሚርቶ በሞተች በአርባ አንደኛው ቀን