ግሌንዴል የረጨሁት ጸበል

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ግሌንዴል ከተማ ሄጄ የአስካለን አፓርታማ ጸበል ረጨሁላት። ሳሎኑን ራሷ ቀለም ቀብታዋለች። እሷም አከራይዋም የንስሐ ልጆቼ ናቸው፤ የኔ ጣጣ ይኸው ነው።

ባለፈው ወር ሰውዬው ለንስሐ መጥቶ፣ "አባ፣ ከገና በኋላ ሕንፃውን አድሼ ሪሞዴል ላደርገው ነው፤ ተከራዮቹን በሙሉ አስወጣለሁ። ኅሊናዬ ግን እምቢ አለኝ" አለኝ። ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ ሰውን ከቤቱ ማስወጣት ግፍ ነው እያልኩ ስጮህ የኖርኩት እኔ፣ እንዳታስወጣቸው ብዬ መገዘት ሲገባኝ እንደ ልማዴ አርባ ስግደት ሰጠሁት! ትናንት ደወለ። "ስግደቱን ጨርሻለሁ፣ ይፍቱኝ" አለ። ድምፁ ቅልል ብሎታል። ሐሳብህን ለውጠሃል ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ "እሱማ ያለቀ ነገር ነው፣ አባ፤ ከገና በኋላ ይወጣሉ" አለኝ።

የንስሐ ቃል አውጥቼ እንዳልናገር ክህነቴ አለ። ዝም እንዳልል አስካለ አለች።

መስቀሉን ተሳልማ፣ "ሊያስወጡን ነው እየተባለ ነው፣ አባ። እርስዎ የሰሙት ነገር አለ?" አለችኝ።

"እግዚአብሔር ያውቃል" አልኳት።

እፎይ አለች። "እርስዎ ከባረኩት ቤትማ ማንም አያስወጣኝም! አሜን ይበሉ እንጂ!"

አሜን አልኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ።