ኢንሹራንሱን ያስወደደው ሹፌር

ማክሰኞ፣ ጥር 12

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ አባዬ "ልጅ ከነዳች ኢንሹራንሱ ይወደዳል" እያለ የፒካፑን ቁልፍ ከኪሱ አላወጣም። ዛሬ ለማሳደስ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ክፍያው እውነትም ጨምሯል።

"አላልኩሽም?" አለኝ።

ዝም አላልኩም፤ የኢንሹራንስ ድርጅቱን ሠራተኛ ምክንያቱን ጠየቅኋት። አባዬን አየት አድርጋ፣ "አደጋ ላላደረሰ የሚሰጠው ቅናሽ ቀርቶብዎት ነው። አምና ጉንደ ወይን ላይ የሰው አጥር ገጭተው የለ እንዴ? ልጅዎ ወጣት ስለሆነች፣ ከተጋጨች ከራስዎ የሚከፍሉት ከፍ ይላል እንጂ፣ እስካሁን በእሷ የተጨመረ የለም" አለችው።

ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው!

አባዬ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ይጁቤ እስካለው ቤታችን ድረስ ነዳሁ! እሱ መንገዱን ሙሉ ፍሬን ሲረግጥ ነበር፣ ፍሬን በሌለበት በኩል ተቀምጦ።