የኦቦ ቃሲም ቦይ

ውድ ሄለን፣

ካርዱ ላይ የምታይው የጭላሎ ተራራ ነው፤ እኔ ግን አሰላ ከገባሁ ጀምሮ ከጉም በቀር ያየሁት የለም።

ትናንት ወንዝ ዳር የታመሙ፣ አልደር የሚባሉ ዛፎችን ልመረምር ሄጄ ነበር። የተከሏቸው ኦቦ ቃሲም የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ቅጠሉ ጠውልጓል፤ ግንዱ ከታች ጥቁር ፈሳሽ ያወጣል። "ጠምቷቸው መስሎኝ ከወንዙ ቦይ ቀድጄ ሦስት ወር አጠጣኋቸው" አሉኝ። በሽታው ሥር የሚያበሰብስ፣ በውሃ የሚጓዝ ነው፤ ከዛፍ ዛፍ ያዳረሰው ያው ቦዩ ነው። ይህን መናገር ከብዶኝ "ከእንግዲህ ውሃው ይበቃቸዋል" ብቻ አልኳቸው። እሳቸውም "እንግዲያው ለጎረቤቴ ልልቀቅለት፤ የሱ ገና ችግኝ ናቸው" ብለው አካፋቸውን አነሱ። ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። አካፋውን ተደግፈው "እኔው ነኛ" አሉ።

ሐዋሳ የእናትሽ አቮካዶ ሲጠወልግ በባልዲ እየተመላለስን ያጠጣነው ትዝ አለኝ። እናትሽ እስከ ዛሬ ውሃ አንሶት የደረቀ ነው የሚመስላቸው።

ቦታ አለቀብኝ። ብሩህን ሰላም በይልኝ፤ እናትሽን እማማ ተናኘወርቅን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ስለ አቮካዶው ግን እንዳትነግሪያቸው።

ቤርሳቤህ