የታመመው ዲስክ

ቴፒ፣ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ጅግጅጋ ላለችው ለውድ ልጄ ለረድኤት

ረድኤትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝናቡ ገብቶልናል፣ የጓሯችን ቡናም ፍሬ ይዟል። ድመቷ የተማሪዎቼን ደብተር የማስቀምጥበት ካርቶን ውስጥ ስለወለደች እርማቱን ወለል ላይ ተቀምጬ ነው የምሠራው።

ላፕቶፑ ትንሽ አስቸግሮኛል ያልኩሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው እንጂ ጭራሽ አልነሣም ብሎኝ ነበር። የባዮሎጂ ፈተና ላወጣ ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ፤ የሚነሣበት ዲስክ ስሕተት አለበት፣ ልመርምረው ይላል። እሺ አልኩት። ምርመራው ግማሽ ሳይደርስ ቆመ፣ ጠፋ፣ ተነሣ፣ ያንኑ መልሶ ጠየቀኝ። እንዲህ ስንመላለስ ዋልን። ፈተናውንስ በእጄም እጽፈዋለሁ። ልቤን ያራደው አባትሽ ሞተር ሳይክል ሲያስተምርሽ የቀረጽኩት ቪዲዮ ነው። ድምፁ ሌላ የትም የለም።

ሚዛን ከተማ ወሰድኩት። ቲቶ የሚባል ጠጋኝ አስነሥቶ አየውና፣ «እትዬ፣ ቀላል ነው። ፎርማት ላድርገው፣ እንደ አዲስ ይነሣል» አለኝ።

«ውስጡ ያለውስ?»

«እሱማ ይጠፋል።»

ላፕቶፔን ተቀብዬ ወጣሁ። ልጁ ክፋት የለውም፣ ከልቡ ሊረዳኝ ነው።

ወደ ቴፒ ስመለስ ሚኒባሱ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት አቶ ይሄይስ ነበሩ። እዚህ ዩኒቨርሲቲው ካምፓስ የኮምፒውተር ክፍል የሚሠሩ የማሻ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፈች ቆይቷል። «እንደ አራስ ልጅ አቅፈውታል፣ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«በሉ ከእንግዲህ አያስነሡት» አሉኝ። «ዲስክ ሲታመም መጀመሪያ ያለውን ማውጣት ነው። ጥገናው ራሱ የቀረውን ሊጨርሰው ይችላል።»

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ድረስ መጡ። ላፕቶፑን በታመመው ዲስክ ሳይሆን ይዘውት ከመጡት ፍላሽ አስነሡትና ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ጀመሩ። የምርቃትሽ ፎቶዎች ወጡ፣ የተማሪዎቼ ውጤት ወጣ። ወደ አባትሽ ፎልደር ስንደርስ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ እንደምታውቂው ከሞተ ቆይቷል። ጎረቤታችን ሐፍሳ ሱቅ ጄነሬተር ስላለ እዚያ ሮጥን። ጃንጥላውን ላፕቶፑ ላይ ዘርግተው እሳቸው እስከ ጫማቸው ረጥበው ነው የደረሱት።

ቪዲዮው ወጣ፣ ረድኤትዬ። እዚያው የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። አባትሽ፣ «ፍሬን ያዢ፣ ፍሬን፣ ቡናው ውስጥ ልትገቢ ነው» ይላል፤ አንቺም ገባሽ። መጨረሻው ላይ ተቆራርጦ ይቆማል፣ የተጎዳው ቦታ ላይ ነበር የተቀመጠው። ከቡናው ውስጥ ጎትቶ ሲያወጣሽ አይታይም። እኔ ግን አስታውሰዋለሁ፣ አንቺም ታስታውሺዋለሽ። እየሳቅሁ አለቀስኩ። ይሄይስ ተነሥቶ ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ ሳሙና እያነሣ እያስቀመጠ፣ እንባዬን ጠርጌ እስክጨርስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆየ።

ፋይሉ ሁሉ ከወጣ በኋላ የድሮውን ዲስክ መረመረው። የተጎዳው ቦታ በየምርመራው ይጨምራል፤ «ይሄ አይታመንም» ብሎ አዲስ ዲስክ ገጠመልኝ። ይህንንም ደብዳቤ በእሱ ነው የምጽፍልሽ። እንዴት እንደሚፈጥን ብታዪ።

አዲሱ ዲስክ ጤነኛ ነው፤ ይሄይስ ግን አልፎ አልፎ እየመጣ ያየዋል። ከማሻ ማር ሲመጣለት ይዞልኝ ይመጣል። ሐፍሳ፣ «አዲስ ዲስክ በየሳምንቱ ይመረመራል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥንቃቄ አይከፋም አልኳት። ባለፈው እሑድማ ሳያየው ሄደ፤ ስንጫወት ረስቶት ነው። በር ላይ ደርሶ «ጽጌ፣ ዲስኩን እኮ አላየሁትም» አለኝ። ሌላ ቀን ታየዋለህ አልኩት።

የቪዲዮውን ቅጂ በፍላሽ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አንድ ቅጂ ደግሞ ይሄይስ ቤት አለ፤ ሁሉም ነገር አንድ ቦታ መቀመጥ የለበትም ይላል።

በይ ልጄ፣ የምትሰጪው መድኃኒት ሁሉ ፈውስ ይሁን። የማያውቅሽ ሰው እንኳ በደግ ዓይን ይይሽ። እመብርሃን ከፊትሽ ትቅደም።

እናትሽ ጽጌሬዳ

ይህን ረስቼው፦ ለክረምት ስትመጪ አዲስ አበባ ማደርሽ ስለማይቀር አንድ የወንድ ሸሚዝ ግዢልኝ። ትከሻው ሰፋ፣ ቁመቱ ረዘም ላለ ሰው የሚሆን። ቀለሙን እኔ አልነግርሽም፤ አንቺ ወደሽ የመረጥሽው ቢሆን ደስ ይለኛል።