ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ያለው ምስጋና

ሰኞ፣ ጥር 6

ሙጫው ዛሬም ሸተተኝ። ቡክሌት ሳጣጥፍ፣ ስሰፋ ዋልኩ... እጅ እጅ አለኝ። ድሮ፣ የተቀዳውን ድምፅ እያዳመጥን እኛው ነበርን የምንጽፈው። አሁን አለቅየው ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ማንም በነፃ የሚያወርደው ፕሮግራም ጭኗል። ልጆቻቸው የቀረጹትን የሽማግሌዎች የሕይወት ጨዋታ ይሰማል፣ ይጽፋል፤ እኛ አትመን ለቤተሰብ እናስረክባለን። «ማዳመጥ የለም፣ ማሽኑ ጨርሶታል» ይላል። ኤጭ!

ረቡዕ፣ ጥር 8

ጨዋታቸው ከተቀረጸ በኋላ የሞቱ የአንድ አዛውንት ሾፌር ትልቋ ልጅ ሃምሳ ቅጂዋን ልትወስድ መጣች። ከአባቷ ጋር ተኳርፈው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ነው የሞቱት። ቆማ ስትገልጥ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ወንበር ሳበች። «አየሽ የኔ እናት? "እሷንም አመሰግናታለሁ" ብሏል!» አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ምን አቅለበለበኝ? አለቅየው ምሳ ሲወጣ ቀረጻውን አዳመጥኩት። ትንሹ ልጃቸው ይጠይቃል፦ «አባዬ፣ ታላቋ እህታችንስ? ምን ትላታለህ?» ከዚያ ዝም። አርባ ሰከንድ... ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ «ወደ ሌላ እንለፍ» አሉ። በቃ! ምስጋና የሚባል ነገር የለም። ዝምታውን ማሽኑ ነው ከራሱ የሞላው።

ለአለቅየው ነገርኩት። አልደነገጠም። «አውቃለሁ፣ ዝም ሲባል ይቀባጥራል። ኮዱን የሠሩትም ይህን ጽፈው አስጠንቅቀዋል።» እና? አልኩት። «እና ምን? ደስ ብሏት ሄደች አይደል?» ዓይኑን በጨው አጥቧል! ዝምታውን እንዲዘል ማስተካከል ይቻላል እኮ፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል ብሎ ነው የተወው። እኔስ? አጣጥፌ የሰፋሁት እኔ አይደለሁም?

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ልጅቷ ነገ ቡክሌቱን ለዘመድ ልታድለው ነው። ልንገራት? ልተወው? እህቴ «አፍሽን ያዢ፣ ምን ጥልቅ አደረገሽ» አለችኝ። ግን ጠያቂው ወንድሟ አባቱ ዝም ማለታቸውን ያውቃል። ዘመድ በተሰበሰበበት አንብቦ «ውሸት ነው» ቢላትስ?

ደወልኩላት። መጣች። ጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋት። ሰማች። «እንደገና።» ደግማ ሰማች። «ለምን ነገርሽኝ?» አለችና ወጣች። ራሴን ጠላሁት።

ሰኞ፣ ጥር 13

ቡክሌቶቹን መለሰቻቸው። ካርቶኑን ራሷ በፕላስተር አሽጋ በሰው ልካለች። «ሃምሳውም አለ፣ ሳይነበብ ይቀደድ» የሚል ወረቀት ለጥፋበታለች።

አለቅየው ጮኸ፣ ተራገመ። እኔም ሳላዳምጥ አንድ ገጽ አላጣጥፍም አልኩት፤ ከፈለጉ ያባርሩኝ። አላባረረኝም። ማን ይሰፋለታል? ጆሮ ማዳመጫውን ወደ ጠረጴዛዬ ወሰድኩት።

ከሰዓት፣ ማንም ያልነካውን ፕላስተር ራሱ ልጦ፣ ካርቶኑን ከፍቶ ይቆጥር ጀመር። ሁለቴ ቆጠረ። «አርባ ዘጠኝ ነው! ያቺ ሴትዮ አንዱን አስቀርታለች ማለት ነው?»

«ኧረ እኔ ነኝ የወሰድኩት» አልኩት።